ዘንዶው አይውጥሽም፤ የምፈራልሽ ኪኒንሽን ነው

ጥያቄው የመጣው ከቨርጂኒያ ነው። ጠያቂዋ የ34 ዓመት ሴት ናት። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፦

«ጋሼ፣ ለድባቴ ሰርትራሊን 100 ሚሊግራም መውሰድ ከጀመርኩ 3 ዓመት ሆነኝ። ቢሻለኝም ሙሉ ሰው አልሆንኩም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፔሩ ሄዳ፣ ኢኪቶስ አጠገብ ጫካ ውስጥ አያዋስካ የሚባል ቅዱስ መድኃኒት ጠጥታ መጣች። ግዙፍ ዘንዶ ሙሉ በሙሉ ዋጠኝ፣ መልሶ ሲተፋኝ እንደ አዲስ ተወለድኩ ትላለች። እኔም ለሚቀጥለው ወር ቦታ ይዣለሁ። ማዕከሉ መድኃኒቴን ከ3 ቀን በፊት እንዳቆም ነግሮኛል። የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም ብለውኛል። እናቴ ደግሞ ‹ዘንዶ ማለት ሰይጣን ነው› እያለች ታለቅሳለች። የእውነቱ አናኮንዳም ያስፈራኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልሱን ላስቀድመው። አትጠጪ። ሰርትራሊንሽንም በራስሽ አታቁሚ። ይህን የምልሽ ዘንዶውን ወይም ሰይጣንን ፈርቼ አይደለም። በየጠዋቱ የምትውጫት ኪኒን እና ድስቱ ውስጥ የሚፈላው ሐረግ አብረው ስለማይሄዱ ነው። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ የምናገረውም በዋናነት ስለዚህ ነው። ስለ እባቦቹም ግን እመለስበታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከጥያቄሽ ውስጥ የወደድኩት እሱን ክፍል ነው።

መጀመሪያ ድስቱን እንክፈተው። ብዙ ሰው አያዋስካ አንድ ተክል ይመስለዋል። የሁለት ተክል ፍል ነው። አንዱ ባኒስቴሪዮፕሲስ ካፒ የሚባል፣ ዛፍ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሐረግ ነው። ሲያረጅ እንደ ክንድ ይወፍራል፤ ሁለት ሦስቱ እርስ በርስ ተገምደው ሲታዩ ራሳቸው ዘንዶ ይመስላሉ። ሁለተኛው ቻክሩና የሚባል ቁጥቋጦ ነው፤ የሚፈለገው ቅጠሉ ነው። ቻክሩና ከቡናችን ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ቅጠሉን ያየ የጅማ ሰው ዘመዱን ያገኘ ሊመስለው ይችላል። ሐረጉ በዱላ ይቀጠቀጣል፣ ከቅጠሉ ጋር በውሃ ይጣዳል፣ ለረጅም ሰዓት ይፈላል። የሚቀረው ቡናማ፣ ወፈር ያለ፣ እጅግ መራራ ነገር ነው። ስሙ ከኬችዋ ቋንቋ የመጣ ነው። «አያ» ነፍስ ወይም ሙት ማለት ነው፣ «ዋስካ» ደግሞ ገመድ። የነፍስ ገመድ በይው፣ የሙታን ገመድ፣ እንደ አፍሽ።

ራእዩን የሚያመጣው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዲኤምቲ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ግን ቅጠሉን ብቻ አፍልተሽ ብትጠጪው ምንም አይሆንም። አንጀትና ጉበት ውስጥ ያለ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ዲኤምቲውን ወደ ደም ሳይደርስ ይሰባብረዋል። የሐረጉ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ሐረጉ ውስጥ ያሉት ሃርሚንና ዘመዶቹ ያንን ኢንዛይም ያስሩታል። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሲታሰር ዲኤምቲው ሰተት ብሎ ይገባል። በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ የአማዞን ተክሎች መካከል እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማጣመር፣ ያውም ያለ ላቦራቶሪ፣ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። እንግሊዛዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሪቻርድ ስፕሩስ በ1852 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በብራዚል ቫውፔስ ወንዝ ላይ ሐረጉን አይቶ ለሳይንስ ሲመዘግብ፣ የአካባቢው ተወላጆች ቱካኖዎቹ ከጥንት ጀምሮ ሲጠጡት የኖሩ ነበሩ።

እንግዲህ ያንን የታሰረ ዘበኛ አስታውሺው፤ ያንቺ ችግር የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ያ ኢንዛይም ሥራው ዲኤምቲን መስበር ብቻ አይደለም። አንጎልሽ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን መልእክተኛም የሚያጸዳው እሱ ነው። ሴሮቶኒን ሥራውን ሲጨርስ በሁለት መንገድ ይወገዳል። ወይ ወደ ወጣበት ሴል ተመልሶ ይገባል፣ ወይ በኢንዛይሙ ይሰበራል። ሰርትራሊን የመጀመሪያውን መንገድ ይዘጋል፤ መድኃኒትነቱም ይኸው ነው። ሐረጉ ሁለተኛውን ይዘጋል። ሁለቱም መንገድ ተዘግቶ ከላይ ዲኤምቲ ሲጨመርበት ሴሮቶኒን ይጥለቀለቃል። ሕመሙ ሴሮቶኒን ሲንድረም ይባላል። ሰውነት ይግላል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይሮጣል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ እግር በራሱ ይወራጫል፣ ሆድ ይላቀቃል፣ ሰው ይቅበዘበዛል። ሲከፋ ይገድላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ጅማሬው ከአያዋስካው የተለመደ ጠባይ ጋር መመሳሰሉ ነው። እዚያ ቤት ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስና ማስቀመጥ የተጠበቀ ነገር ነው። ጨለማ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠው ረዳት «እየጸዳች ነው» ብሎ ያልፍሻል። ሆስፒታሉ ደግሞ በጀልባ የሰዓታት መንገድ ነው።

ሦስት ቀን ይበቃል ወይ ላልሽው፣ አይበቃም። ሰርትራሊንና ኢንዛይሙን የሚያስሩ መድኃኒቶች መሃል በሕክምና የሚጠበቀው ልዩነት ቢያንስ 14 ቀን ነው። ፍሉኦክሰቲን ቢሆን ኖሮ ደግሞ 5 ሳምንት ነበር፤ እሱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። የማዕከሉ ሰው ይህን አላወቀም፣ ወይም ቦታው እንዳይሰረዝበት ፈልጓል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አልጓጓም፤ ለሁለቱም ሕይወቴን አልሰጥም።

«እሺ፣ 14 ቀን አቆማለሁ» ትይ ይሆናል። ይህም በራስ የሚደረግ አይደለም። 100 ሚሊግራም ለ3 ዓመት ወስዶ ድንገት ማቆም ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያነጫንጫል። ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ ብልጭ አለብኝ የሚሉ አሉ። ከዚያ የባሰው ግን ድባቴው ራሱ መመለሱ ነው። ስታቆሚ ተመልሶ ቢመጣ የት ሆነሽ ይመጣብሻል? ቋንቋውን በማታውቂው አገር፣ እናትሽ በሌለችበት፣ ጫካ ውስጥ፣ አእምሮሽን የሚገለባብጥ ነገር ልትጠጪ አንድ ቀን ሲቀርሽ።

የማይጣመረው ሰርትራሊን ብቻ አይደለም። ለወገብ ሕመም የሚሰጠው ትራማዶል አለ። ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት ተራ የሳል ሽሮፕም አለ። እንዲሁም ጫት። ይህን ለሌሎች አንባቢዎች ነው የምለው። ጫት አምፌታሚን መሰል ነገር አለው፤ ኢንዛይሙ ታስሮ ሳለ የደም ግፊትን ሊያስፈነጥረው ይችላል። «ጫት ቅጠል ነው፣ አያዋስካም ቅጠል ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል።

ወደ «የተፈጥሮ ነው» እዚሁ ልግባ። አስተናግርም የተፈጥሮ ነው፤ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል፤ ፍሬውን የቀመሰ ልጅ ምን እንደሚሆን የገጠር እናት ሁሉ ታውቃለች። ይህን ያነሳሁት ለምሳሌ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጠማቂዎች ራእዩ እንዲከብድ ቶኤ የሚባል ተክል ይጨምራሉ። ቶኤ የአስተናግር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስኮፖላሚንና አትሮፒን አለበት። ያደርቃል፣ ያስቃዣል፣ ልብን ያስጋልባል፣ ሰው ማን እንደሆነ ያስረሳል። ድስቱ ውስጥ መኖሩን በዓይን ማወቅ አይቻልም።

ይልቅ ከእኛ አገር የሚቀርበው ኮሶ ነው። የአማዞን ሰዎች አያዋስካን ብዙ ጊዜ «ላ ፑርጋ» ይሉታል፣ ማጽጃው እንደማለት ነው። ማስመለሱ ለእነሱ የጎንዮሽ ጉዳት አይደለም፣ የሥራው ክፍል ነው። አያቶቻችን ኮሶ የሚጠጡበት ቀን እንደነበራቸው፣ ያን ቀን የሚበላና የማይበላ እንደነበረ ሁሉ፣ እዚያም ጾም መሰል ሥርዓት አለ፤ ዲዬታ ይባላል። ጨው የለም፣ ስኳር የለም፣ የአሳማ ሥጋ የለም፣ ሩካቤም የለም። ግን ኮሶ ጠጪዋ አያቴ ሰርትራሊን አትወስድም ነበር። ሺፒቦ ከሚባለው የአማዞን ሕዝብ የሆነች አያትም እንዲሁ። ሥርዓቱ ሲሠራ ኪኒንሽን የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ዲዬታውን አክብሬያለሁና ተጠብቄያለሁ ማለት አይቻልም።

ለድባቴ ይጠቅማል የሚባለው ባዶ ወሬ ነው ወይ? አይደለም። በብራዚል ናታል ከተማ 29 መድኃኒት ያልበገረው ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ፣ በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት አለ። ገሚሱ አንድ ጊዜ አያዋስካ፣ ገሚሱ ተመሳሳይ የሚያስመስል መራራ ነገር ጠጡ። ከ7 ቀን በኋላ አያዋስካ የጠጡት በግልጽ ተሽሏቸው ነበር። ደስ ይላል። ነገር ግን 29 ሰው ነው፣ የሚለካውም 7 ቀን ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰዎቹ የተመረጡ ናቸው። የሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የመለየት ሕመም፣ ታሪክ ያለበት አልገባም፣ የድባቴ መድኃኒታቸው ከሰውነታቸው እንዲወጣ ተደርጓል፣ የጠጡትም ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም አጠገባቸው ሆኖ ነው። አንቺ የያዝሽው ቦታ ከዚያ ጥናት ጋር የሚጋራው የመጠጡን ስም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዘንዶው።

ባልደረባሽ ዋጠኝ ማለቷ ውሸት አይደለም፣ አዲስም አይደለም። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር የሆነው ቤኒ ሻኖን የብዙ ጠጪዎችን ራእይ ሰብስቦ ሲመረምር በተደጋጋሚ ከሚታዩት መካከል እባብ ዋናው ሆኖ አግኝቶታል። በ1960ዎቹ ደግሞ የቺሊው ሳይካትሪስት ክላውዲዮ ናራንሆ ከሐረጉ ንጥረ ነገሮች አንዱን ሃርማሊንን ጫካ ረግጠው ለማያውቁ የሳንቲያጎ ከተሜዎች ሰጥቶ ነበር፤ ከእነሱም እባብና ነብር መሰል አውሬ ያዩ ነበሩ። ብራዚል ውስጥ በአንጎል መቃኛ መሣሪያ የተሠራ ሥራም አለ። አያዋስካ የጠጡ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያስቡ፣ የአንጎላቸው የማየት ክፍል ዓይን ገልጦ የሚያይ ሰው ያህል ይሠራል። ስለዚህ የሚታየው ነገር «ሐሳብ» ብቻ ሆኖ አይሰማም፤ በእርግጥ የታየ ያህል ነው። መስመሩ ይጠማዘዛል፣ ቅርፊት መሰል ጥለት ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በኋላ ያንን ጥለት እባብ የሚያደርገው፣ እባቡንም አውዳሚ ወይም ፈዋሽ የሚያደርገው፣ ሰውዬው ይዞት የመጣው ነገርና በዙሪያው የሚዘመረው ነው ብዬ አምናለሁ።

በዙሪያው የሚዘመረው ደግሞ በእባብ የተሞላ ነው። በኡካያሊ ወንዝ የሚኖሩት ሺፒቦዎች ሮኒን የሚሉት ታላቅ አናኮንዳ አላቸው። የዓለም ጥለት ሁሉ ቆዳው ላይ ተጽፏል ይላሉ። ሴቶቻቸው በጨርቅና በሸክላ ላይ የሚሠሩት፣ ኬኔ የሚባለው እንደ መንገድ የሚጠላለፍ ጥለት ከዚያ የተቀዳ ነው። ፈዋሹ ማታ የሚያዜመው ኢካሮ ለእነሱ የዚያ ጥለት ድምፅ ነው። በወንዙ ዳር ያለው ሌላው ሰው ያኩማማን ይፈራል፤ የውሃ እናት ማለት ነው፣ ግዙፍ የወንዝ እባብ።

ከሁሉ የምወደው ግን በብራዚልና በፔሩ ድንበር ያሉት ሁኒ ኩዊኖች የሚተርኩት ነው። አንድ አዳኝ ሐይቅ ዳር ተደብቆ ሳለ፣ ታፒር የሚባለው አሳማ መሰል አውሬ ፍሬ እየለቀመ ወደ ውሃው ሲጥል ያያል። ከውሃው ቆንጆ ሴት ትወጣና ከታፒሩ ጋር ትተኛለች። በማግሥቱ አዳኙም ፍሬ ይጥላል። ሴትዮዋ ትወጣለች፣ ወደ ውሃ ውስጥ አገሯ ይዛው ትሄዳለች፣ ያገባታል፣ ይወልዳሉ። አንድ ማታ አማቾቹ ሐረጉን ሊጠጡ ሲሰናዱ «አንተ አትጠጣ» ትለዋለች። አይሰማትም። ሲጠጣ የሚስቱ ቤተሰብ በሙሉ እባብ ሆነው ሲውጡት ያያል። ይጮሃል። እነሱም «ለካ እኛን የሚፈራ ነው» ብለው ይቀየሙታል። አምልጦ ወደ ሰው አገር ይመለሳል፤ በኋላ ግን አማቾቹ አግኝተው እውነት ይውጡታል። ሰዎቹ ደርሰው ያስጥሉታል፤ ሊሞት ሲል የትኛው ሐረግ ከየትኛው ቅጠል ጋር እንደሚፈላ ያስተምራቸዋል። እንግዲህ ባልደረባሽ አይታ የመጣችው መዋጥ ያን ያህል የቆየ ነው። ተረቱ ውስጥ ሚስትዮዋ «አትጠጣ» ያለችው ሰው መኖሩንም ልብ በይ።

እናትሽን በተመለከተ። እኛ ቤት ዘንዶ ማለት ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦሩ የሚወጋው ነው። አክሱምን ገዝቶ ግብር ይበላ የነበረው አርዌም ዘንዶ ነው። እናትሽ ከዚህ ሥዕል ሥር ነው ያደገችው፤ አትፍረጂባት። ግን የሺፒቦዎቹ እባብ ያኛው አይደለም፤ እነሱ ሰይጣንን ለማምለክ አልተቀመጡም። እናትሽም ዘኍልቍ 21ን ታውቀዋለች፦ ሙሴ የሰቀለውን የናስ እባብ ያየ ሁሉ ዳነ። ከዚህ ያለፈው የንስሐ አባትሽ ጉዳይ ነው። እኔ ማለት የምችለው አንድ ነገር ነው። እባብን ከልጅነቱ የክፉ መልክ አድርጎ የተማረ ሰው እዚያ ጨለማ ውስጥ ግዙፍ እባብ ሲመጣበት፣ ሺፒቦዋ የምታገኘውን ማጽናኛ ላያገኝ ይችላል። ተፈርጄያለሁ ብሎ ወጥቶ ለወራት ያልተኛ ሰው አውቃለሁ። ለዚህም ነው በራስ ወይም በቅርብ ቤተሰብ ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው ጭራሽ መቅረብ የሌለበት።

የእውነቱ አናኮንዳ ከተረቱ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ትንሽ አይደለም። ዘንዶ ስንል እኛ የምናስበው የጋምቤላውንና የኦሞውን ፓይተን ነው። አናኮንዳ ከዚያ ቤተሰብ አይደለም፣ የቦአ ወገን ነው። የእኛ ዘንዶ እንቁላል ትጥላለች፣ ተጠምጥማም ትጠብቀዋለች። አናኮንዳ ግን ሕያው ልጆች ትወልዳለች፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40። ሁለቱም መርዝ የላቸውም። የአናኮንዳ ዓይንና አፍንጫ ወደ ራሷ አናት የወጡ ናቸው፤ ሌላ አካሏ ሁሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ እነሱ ብቻ ይታያሉ። የምትጠምደው ግዙፍ አይጥ መሰሉን ካፒባራ፣ አዞ መሰሉን ካይማን፣ ወፍና ድኩላ ነው። ትልቋ ሴቷ ናት። ወንዱ አጠገቧ ሲታይ የሷ ልጅ ይመስላል። በእርቢ ወቅት እስከ ደርዘን የሚደርሱ ወንዶች አንዷ ላይ ተጠምጥመው ለሳምንታት አንድ ኳስ ሆነው ይቆያሉ። አንዳንዴ ሲያበቃ አንዱን ትበላዋለች።

መጠኑን እንደ ወንዝ ዳር ወሬ አትስሚው። እንግሊዛዊው አሳሽ ፐርሲ ፎሴት በ1907 19 ሜትር ገደማ የሚሆን ገደልኩ ብሎ ጽፏል፤ ያመነው ጥቂት ነው። በቬኔዝዌላ ረግረጋማ ሜዳ ባዶ እግሩን ጭቃ እየዳበሰ በመቶዎች የያዘው ባዮሎጂስት ሄሱስ ሪቫስ የለካት ትልቋ 5 ሜትርን ጥቂት አልፋ 97.5 ኪሎ ትመዝን ነበር። ኒውዮርክ ያለው የእንስሳት ማኅበር ከ30 ጫማ፣ ማለትም ከ9 ሜትር በላይ የሆነ ሕያው እባብ ላመጣ ለአሥርተ ዓመታት ሽልማት አስቀምጦ ነበር፤ በመጨረሻ 50 ሺህ ዶላር ደርሷል። የወሰደው የለም። ከዚያ የሚበልጥ እባብ ኖሯል ከተባለ አንዱ ቲታኖቦአ ነው፤ 13 ሜትር ገደማ፣ ቅሪቱ ኮሎምቢያ የከሰል ማውጫ ውስጥ የተገኘ። እሱ ግን 58 ሚሊዮን ዓመት አልፎታል።

አናኮንዳ ሰው ዋጠች የሚል የተረጋገጠ አንድም መዝገብ የለም። ሰው የዋጠው፣ ለምሳሌ በ2017 ኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ላይ፣ ሌላ ዘር የሆነ ፓይተን ነው። ስትጠመጠም አጥንት ትሰባብራለች፣ ትንፋሽ ታሳጣለች የሚባለውም ቢሆን ሙሉ አይደለም። በ2015 የወጣ፣ በቦአና በአይጥ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ዋናው ነገር የደም ዝውውር በሰከንዶች ውስጥ መቆሙ ነው። ሰው ሲመጣ አናኮንዳ ብዙውን ጊዜ የምታደርገው ውሃ ውስጥ ስልት ማለት ነው። ኢኪቶስ አካባቢ ታስራ አንገትሽ ላይ ለፎቶ የሚያኖሩልሽን ግን እምቢ በይ። እንስሳዋ እየተሠቃየች ነው።

ልትፈሪ የሚገባሽ እባብ አናኮንዳ አይደለም። ውፍረቷ ክንድሽን የማያህል፣ የደረቀ ቅጠል የምትመስል፣ በአካባቢው ኸርጎን የምትባል ናት። በአማዞን አብዛኛውን የእባብ ንድፊያ የምታደርሰው እሷ ናት። መርዟ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ሥጋ ይገድላል። የምትወጣውም ማታ ነው። አስቢው፦ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ማሎካ ከሚባለው ክብ የሣር ቤት ወጥተሽ ወደ ሽንት ቤት እየሄድሽ ነው። በነጠላ ጫማ ነሽ። ባትሪሽን የት እንዳኖርሽ አታውቂም። መሬቱ ሁሉ እባብ ሆኖ ይታይሻል፤ ስለዚህ እውነተኛዋን ከራእዩ አትለዪያትም። ብዙ ማዕከላት ስለ ነፍስ ሁለት ሰዓት ያወራሉ፣ ስለዚህች 30 ሜትር መንገድ አንድ ቃል አይናገሩም። ከተነደፍሽ ማሰር፣ መብጣት፣ መምጠጥ የለም። እግሩን ሳያንቀሳቅሱ ማርከሻ መድኃኒት ወዳለበት ሆስፒታል በፍጥነት መወሰድ ብቻ ነው።

ሕጉን ባጭሩ። ፔሩ በ2008 የአማዞን ሕዝቦች የአያዋስካ ዕውቀትና አጠቃቀም የአገር ቅርስ ነው ብላ አውጃለች፤ እዚያ መጠጣት አያሳስርም። አንቺ የምትኖሪበት አገር ግን ዲኤምቲ ክልክል ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 የፈቀደው ኡኒያዎ ዶ ቬጄታል ለሚባል ከብራዚል ለመጣ ሃይማኖት የአምልኮ ሥርዓት ነው። «ለቤት» ብለው በኮካ ጠርሙስ ቢሰጡሽ ሻንጣሽ ውስጥ እንዳታስገቢ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል የምትበሩ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ሁለቴ አንብቡት።

ምን ታድርጊ? ቦታውን ሰርዢ፤ ተመላሽ የማይሆን ብር ካለ ይሂድ። ከዚያ ለሐኪምሽ የጻፍሽልኝን ያንኑ ንገሪያት፣ ፔሩንም ሳትደብቂ። «ቢሻለኝም ሙሉ ሰው አልሆንኩም» ያልሽው ዓረፍተ ነገር በራሱ ቀጠሮ የሚያስይዝ ነው። ሰርትራሊን ከ100 በላይ የሚጨመርበት ቦታ አለው፣ እስከ 200 ይሄዳል። ሌላ መድኃኒት መለወጥም አለ። ከባለሙያ ጋር የሚደረግ የንግግር ሕክምናን ሞክረሽ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፤ ካልሞከርሽ ከዚያ ጀምሪ። ሁለት መድኃኒት በቂ ጊዜ ተወስዶ ካልሠራ ደግሞ በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደ ኤስኬታሚን የሚባል በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት አለ፤ ክሊኒክ ውስጥ፣ ባለሙያ እያየሽ ነው የሚሰጠው። አንድ ቀን ሐኪምሽ እየተቆጣጠረችሽ ከመድኃኒት ብትወጪና ነገሩ አሁንም ቢያምርሽ ያን ጊዜ ጻፊልኝ። ያን ጊዜ ስለ ማዕከል ምርጫ እናወራለን፤ ማን ጠመቀው፣ ቶኤ አለበት ወይ፣ ሴት ረዳት ማታውን ሙሉ ትኖራለች ወይ የሚለውን። የመጨረሻው ለወግ የሚጠየቅ አይደለም፤ በሥርዓቱ መሃል ሴቶችን የደፈሩ «ፈዋሾች» ነበሩ።

ጫካው ግን ይቅርብሽ አልልም። ትኬቱን መለወጥ ከቻልሽ ያለ መጠጡ ሂጂ። ከኢኪቶስ ናውታ በመኪና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በጀልባ ፓካያ ሳሚሪያ ጥብቅ ደን ይገባል፣ ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ውሃና ዛፍ ነው። ውሃው ሲጎድል፣ ከሰኔ በኋላ ባሉት ወራት፣ በእግር የሚኬድበት ቦታ ይበዛል። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዢ፣ ሰርትራሊንሽን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ፣ አዲስ ባትሪ ግዢ። እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቡት እዚያው ገበያ ታገኛለሽ። ጠዋት ጠዋት ከመጫማትሽ በፊት ገልብጠሽ አራግፊው።